በእማዬ ኪኒን የቀነስሽው ኪሎ

አንቺ ሸንቃጣ እህቴ፣

እማዬን ሆስፒታል ይዣት ሄጃለሁ። እግሯ አብጦ ሰነበተ፤ ዛሬ ደግሞ ትንፋሽ አጠራት።

ለቀሚስሽ ብለሽ የዋጥሽው ፉሮሲማይድ የሚያሸናሽ ውሃ ነው። ስብ አይሸናም! ሁለት ጠርሙስ ውሃ ስትጠጪ ኪሎሽ ይመለሳል፤ እንኳን ደስ ያለሽ።

የሚያሸና ኪኒን ሁሉ አንድ መስሎሻል። ይሄ ኃይለኛው ነው፤ ልቧ ስለደከመ ሳንባዋ ውሃ እንዳይቋጥር የታዘዘላት። ለስላሳው ለደም ግፊቷ ነው። ሦስተኛው ፖታሺየሟ ከሽንቷ ጋር ወጥቶ እንዳያልቅ ይይዝላታል። አንቺ ኃይለኛውን መረጥሽ። እግርሽን ከጨመደደሽ ወይ ልብሽ ድው ድው ካለ ክሊኒክ ሂጂ፤ እኔን አትጠብቂ።

ምናለ ሰርቀሽ ብቻ ብትተዪው! ቁጥሩ እንዳይጎድል ነጭ ቪታሚን ተካሽበት።

አራት ቀን ሙሉ ሳላይ ያቀበልኳት ግን እኔ ነኝ።

እሷ ደግሞ «ልጄ ፋርማሲስት ናት» ብላ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትውጠው።