ማሽኑ አዴ ፈድሊያን ይጠይቅ

ጽዮኔ፣

ከአጋሮ ነው የምጽፍልሽ። የኮሌጁ መመርመሪያ ፕሮግራም «የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈላት ኤአይ ነው» ካለ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማክሰኞ ኮሚቴው ካላመነኝ ዲግሪዬ ይሰረዛል። ስለዚህ ለጽሑፌ ቃለ መጠይቅ ያደረግኩላቸውን የቡና ገበሬ፣ አዴ ፈድሊያን፣ ፍለጋ መጣሁ። ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ አጎንብሰው ሲለቅሙ አግኝቻቸው፣ ንግግራቸውን ከጽሑፌ አነበብኩላቸው።

«ወላሂ የኔ ነው! ያ ማሽን ያን ቀን የት ነበር? ዝናብ ሲመጣ ደብተርሽን ጥለሽ ቡናዬን የሸፈንሽው አንቺ አይደለሽ?»

እኛ ሰፈር ሲዘንብ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እዚህ ወደ ጎረቤት ቡና ነው የሚሮጠው።

አዎ፣ እንግሊዝኛዬን በኤአይ አርሜያለሁ፤ አልደበቅኩም። አማካሪዬም ፈተና የሚያወጣው በሱ ነው፤ እሱን ማን ጠየቀው?

ምስክርነታቸውን በወረቀት ልቀበል ብል አዴ ተቆጡ። «ወረቀትሽን መች አመኑ! ቡናዬን የሸፈነችልኝን ልጅ ዝናብ ላይ ጥያት አልቀርም። ራሴ እመጣለሁ፤ ማሽኑ እኔን ይጠይቀኝ!»

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ። ሰኞ ማታ ፍራሽ አንጥፊ፣ ሁለት ነን።

ዩምና