ፊት የሌላት ረዳት

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእናቴ ለትንሣኤ፣ ያለሽበት ቤይሩት ድረስ፤

እማ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? በስልክ ስናወራ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እጮህብሽና እዘጋዋለሁ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይቆጨኛል። ወረቀት ላይ ብጮህም አይሰማም ብዬ ጻፍኩልሽ። ጎረቤታችን ብርሃን ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች። በጽሑፌ እንዳትስቂ።

መጥፎውን ቀድሜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ትምህርት ትቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ። የሒሳብ መምህሩ "እናትሽ የሰው ቤት ስትጠርግ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?" አለኝ። "ያንተን አፍ የምትጠርግ" አልኩና ደብተሬን ወረወርኩበት። አልሳትኩም። ይቅርታ ጠይቀሽ ተመለሺ አሉኝ። አልጠይቅም! አሁን ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ሉጥፊያ የምትባል ሱዳናዊት ኬክ ቤት እሠራለሁ። እጅሽ ጎበዝ ነው ትለኛለች፣ አፍሽን ግን ክሬም ሙይበት።

ቅዳሜ የአባትሽ፣ የአባባ ልደት ነበር። የምን ልደት እንዳትይ፣ መታወቂያቸው ላይ 1/1 ይላል። የብርሃንም 1/1 ነው፣ የጋሽ ጌታሁንም። የተወለደበትን ቀን የማያውቅ ሐበሻ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጻፍ በሱዳን ወረቀት ሰፈራችን በሙሉ መንታ ነው። ቢሆንም አባባ በዕድሜያቸው ሻማ አጥፍተው አያውቁም። ዓይናቸውን ደግሞ ሞራ እየሸፈነው ነው። ሐኪሙ ቶሎ ይገፈፍ ብሏል። እሳቸው "ትንሣኤ ስትመጣ" ነው መልሳቸው። ብለምን "ትንሣኤ ስትመጣ"፣ ብጮህ "ትንሣኤ ስትመጣ"። እንግዲያው የዓይናቸው ብርሃን ሳያልቅባቸው አንድ ነገር ላሳያቸው አልኩ።

ሎሪያቸውን ሠራሁላቸው። ያንን ከገዳሪፍ ሰሊጥ የሚያመጡበትን ሰማያዊውን። ጾም ስለሆነ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። ሉጥፊያ "ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ጡብ ነው!" ብላ ሳቀችብኝ። ሁለት ጊዜ ተፈረካከሰ። ሁለተኛውን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፣ ያጸዳሁትም እኔው ነኝ። ሦስተኛውን በተምር አጣበቅኩትና ቆመ። ጎማው ብስኩት፣ መብራቱ ቢጫ ከረሜላ። ጋቢናው ውስጥ አባባን በስኳር ሊጥ ከነጥምጣማቸው አስቀመጥኩ። ሊጥ ስለተረፈኝ ከጎናቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ጨመርኩ። ስለተረፈኝ ነው። ታርጋው ላይ 77 ብዬ ጻፍኩ።

አባባ ኬኩን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?"

"ሰባ ሰባት። ዕድሜዎ ነዋ!"

"ስልሳ ዘጠኝ ነኝ እኮ። እኔ የተወለድኩትን በእኛ አርባ አምስት አልኩት፣ ጸሐፊው በፈረንጅ አርባ አምስት ብሎ መዘገበው።"

ጋሽ ጌታሁን "አያሌው፣ ስምንት ዓመት በነፃ አረጀህ!" ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። የኔ ደም ፈላ። ሦስት ቀን የለፋሁበት! ቢላ አንስቼ ልፍቀው ስል አባባ እጄን ያዙኝ።

"ተይው። እናትሽ ከሄደች ስንት ዓመቷ?"

"ስምንት።"

"በቃ፣ ልክ ነው። ያረጀሁት እነሱን ብቻ ነው።"

ቢላውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ጣታቸው ጋቢናው ውስጥ ገባ። "ይቺ ማናት?"

"ረዳትዎ ናት።"

"ረዳቴ ኦመር ነበር፣ ጢሙ እዚህ ድረስ። ይቺ ትንሣኤ ናት። እግሯ ወለሉን ሳይነካ እዚህ ነበር የምትቀመጠው።" ፊቷን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። "ዓይን የላትም እንዴ? አፍንጫስ?"

"ጊዜ አጥሮኝ ነው፣ ኋላ እሠራዋለሁ።"

እማ፣ ዋሸሁ። ሊጥም አልተረፈኝም። ከሁሉም በፊት የጀመርኩት እሷን ነበር። የክብሪት እንጨት ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ቀሚስሽ መጣልኝ፣ የሻንጣሽ ቀለም መጣልኝ፣ የወሰደሽ ባለ ሦስት ጎማ ራክሻ ድምፅ ሳይቀር መጣልኝ። ፊትሽ ግን እምቢ አለ። የነበረንን ፎቶ ጎርፉ ቤት የገባ ጊዜ አበላሸው። ፎቶ ላኪ ስልሽ ድምፅሽን ትልኪያለሽ። ድምፅ በሊጥ አይሠራም!

እንግዶቹ ጎማውንም ጭነቱንም በሉት። ትንሿን ልጅ አባባ አላስነኩም። ከጉንዳን ሸሽገን በወተት ቆርቆሮ አስቀመጥናት። "ሙላቷ ፊቷን ስትጨርስ እኔም ዓይኔን አሠራለሁ፣ እንዳየው" አሉ። ሰማሽ? ከአፋቸው ወጥቷል፣ ብርሃንም ሰምታለች፣ ምስክር አለኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ቆርቆሮውን እከፍታለሁ፣ ክብሪቴን አነሳለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

ፎቶ ላኪ ልልሽ ነበር፣ ትቼዋለሁ። መጥተሽ ፊት ለፊቴ ተቀመጪ። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል፣ ከዚያ ከፈለግሽ እንጣላለን። የመጋቢትን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ስኳር እንደ አባባ አይጠብቅም።

አባባ "መንገድሽን ያቅናው፣ የጎማሽ ነፋስ አይጉደል፣ ፍሬንሽን አያሳጣሽ" ብለው መርቀውሻል። አሜን በይ።

ምንም ያልናፈቅሽኝ ልጅሽ፣
ሙላቷ

ቅንድብሽ አጠገብ ጠባሳ ነበረሽ አይደል? በግራ ነው በቀኝ?