ሲብስበት እንድመጣ ለነገረኝ ኮሚቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመድኃኒት ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ይሁንና ጤነኛ መሆን በእርስዎ መሥሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚያስቀጣ ስላየሁ፣ እባክዎ ደህና መሆንዎን ለኮሚቴዎ አይንገሩ።

እኔ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መዝጋቢ ስሆን፣ ከአሥራ አራት ወር በፊት ከሁለቱ ኩላሊቶቼ አንዷን ልብስ ሰፊ ለሆነው ታላቅ ወንድሜ ሰጥቻለሁ። የደከሙት የራሱ ሁለት ኩላሊቶች ከሆዱ ስላልወጡ የስፌት ቤት ባልደረቦቹ «ባለ ሦስቱ» ይሉታል። እሱም «የእህቴ ኩላሊት እንደ ራሷ ናት፤ ጠዋትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ መድኃኒቷ ካልደረሳት ታኮርፋለች» እያለ ያስቃቸው ነበር። ቀልዱ እውነት አለው። ሰውነቱ ኩላሊቴን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃት የሚከለክለው ያ መድኃኒት ነው፤ ጥቃቱም ሕመም ሳያሰማ ቀስ በቀስ የሚሠራ ነው። ይህን የማስረዳዎ እንደማያውቁት ተስፋ በማድረግ ነው፤ እያወቁት ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ይሆን ነበርና።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. መድኃኒቱ ባነሰበት በዚህ ወቅት ያወጣችሁት መመሪያ፣ በአንቀጽ አራት፣ ቅድሚያ የሚሰጠው «የኩላሊቱ ሥራ መቀነሱ በላቦራቶሪ ለተረጋገጠ» ታካሚ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳትን ለመከላከል የተሠራ መድኃኒት፣ መጎዳቱን በማስረጃ ላረጋገጠ ሰው እንዲሰጥ ማሰብ ለሁሉም የሚቻል ነገር አይደለም።

2. የወንድሜ ውጤት እጅግ ጥሩ ስለነበር ስሙ ወደ ዝርዝሩ ግርጌ ወረደ። በመስኮት ቁጥር ሦስት የምትሠራው ሴት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ «የኔ እህት፣ ወንድምሽ እኮ ደህና ነው፤ ምን አስቸኮለሽ? ሲብስበት ነይ» አለችኝ። አልወቅሳትም። አሥራ ሁለት ገጽ የፈጀባችሁን መመሪያ በሁለት ቃል አስረድታኛለችና እድገት ይገባታል።

3. ወንድሜ የቀረችውን መድኃኒት ለማብቃቃት የማታውን እየዘለለ ሃያ ሦስት ቀን ቆየ። እንዳልጨነቅ ብሎ ግን ማታ ማታ «ውጬዋለሁ፣ አንቺ ደግሞ» ይለኝ ነበር። ቆጠራ ሥራዬ ነውና አንድ ቀን የመድኃኒቱን ዕቃ ከፍቼ ፍሬዎቹን ቆጠርኩ። ከዚያ በፊት ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ይህን አዲስ ጠባይ ስላስተማራችሁልኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

4. በማግስቱ ባደረገው የደም ምርመራ፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ክሬቲኒን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን ለመስኮት ቁጥር ሦስት ባስገባን በሁለተኛው ቀን የኮሚቴዎ ደብዳቤ ደረሰን፤ «ማመልከቻዎ መስፈርቱን ማሟላቱን ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል» ይላል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ አንብቦት፣ «አለፍኩ ማለት ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከኩላሊቷ ናሙና ተወስዶ ታይቷል። ሐኪሙ ጠባሳው እንደማይሽር፣ መድኃኒቱም ከእንግዲህ የተረፈውን ለማቆየት ብቻ እንደሚረዳ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ሊነግረን እንደማይችል አስረድቶናል። ለደስታችሁ ይህን መልስ ይቀበሉኝ።

ለወንድሜ የምለምነው ነገር የለም፤ እሱ አሁን መስፈርቱን አሟልቷል። የምለምነው ከመስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ጥሩ ውጤታቸውን እንደ ጥፋት አጥፈው ይዘው ስለተቀመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ነው። አንቀጽ አራት ይሰረዝላቸው፤ ያለውንም መድኃኒት ሳይብስባቸው ያካፍሏቸው። ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ስጠብቅ በቢሮዎ ኮሪደር የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አየሁት። እሳት ተነሥቶ በማያውቅበት ሕንጻ በየስድስት ወሩ እንደሚፈተሽ ካርዱ ላይ ተጽፏል። ይህን ያሰበ ሰው አሁንም በሥራ ላይ ካለ፣ እባክዎ ኮሚቴው ውስጥ ያስገቡት።

የእርስዎ ደህንነት እንደ ወንድሜ ደህንነት እንዳይቆጠርብዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአንዲት ኩላሊት ጋር፣

የባለ ሦስቱ ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ ከደስታ መግለጫችሁ ጋር ተያይዞ የመጣው ቅጽ በመጨረሻው መስመር «ድጋሚ ንቅለ ተከላ ቢያስፈልግ ፈቃደኛ ለጋሽ አለ?» ሲል ይጠይቃል። ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። የቀረችኝ ኩላሊት ደህና ናት፤ ደህና የሆነችን ነገር ደግሞ ለእናንተ ማሳወቅ ያስፈራኛል።