የአፈራቸውን መልስ ያስመጡት ወይዘሮ አልጣሽ ማሩ

ወይዘሮ አልጣሽ ማሩ ከአባታቸው ከአቶ ማሩ ዘገየ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረገ ወይን አዱኛ፣ በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር፣ ኅዳር 21 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀድመዋቸው የተወለዱ ሁለት ሕፃናት አልፈው ስለነበር እናታቸው ይህን ስም አወጡላቸው። በልጅነታቸው በአካባቢው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ቢኖርም ሴት ልጁን የሚልክ አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. በእስቴ ወረዳ የአስታ ሜዳ ማርያም ደብር ተወላጅ ከሆኑት ከአቶ ቢሆነኝ ታረቀኝ ጋር በወግ በማዕረግ ተጋብተው ፍሥሐን፣ ሰብለን፣ ደምሌንና የትናየትን ወለዱ። በ1972 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስታ ሜዳ ሲደርስ ሰብለን በጀርባቸው አዝለው ተመዘገቡ፤ ማንበብና መጻፍም ተማሩ። ከዚያ ወዲህ አንብበው ባልጨረሱት ወረቀት ላይ ፈርመው አያውቁም። የቀበሌ ጸሐፊ "አውራ ጣትዎን ያኑሩና ይሂዱ" ሲላቸው "ጣቴ አያነብም" ብለው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። ንባባቸው ደግሞ ቀስ ያለ ነው፤ ሰልፉ ከኋላቸው እስከ በር ይረዝማል። በዚህ የተማረሩባቸው ብዙ ናቸው፤ ዛሬ እዚህ ከቆሙት መካከልም ይኖራሉ።

አቶ ቢሆነኝ በ1994 ዓ.ም. ሲያርፉ ሦስት ጥማድ የገብስ መሬት፣ ሁለት በሬና አራት ልጆች ለወይዘሮ አልጣሽ ቀሩ። ያ መሬት በደህናው ዘመን ቤቱን መግቦ ለዘመድ ይተርፍ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ገብሱ በቅሎ ከጉልበት ሳይደርስ ቢጫ እየሆነ ቀጨጨ። ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ያው ሆነ። የአገሩ ሰው "መሬቱ አርጅቷል" ብሎ ተስፋ ቆረጠ፤ ጎረቤቱም ተራ በተራ ባሕር ዛፍ ተከለ። የባለቤታቸው ወንድም ሳይቀሩ "አንቺም ትከይና እረፊ" ሲሏቸው "መሬት አረጀ ማለት ምን ማለት ነው? ታሞ እንደሆነስ ማን አየው?" ብለው መለሱ። ባሕር ዛፍም አልተከሉም።

በ2003 ዓ.ም. መሬቱን የሚያይ ሰው የመጣ መሰላቸው። ከዩኒቨርሲቲ የተላኩ ተመራማሪዎች ከማሳው አምስት ቦታ ቆፍረው አፈሩን በላስቲክ ቋጠሩ፤ ተቀምጠውም ብዙ ጥያቄ ጠየቁ። ስንት ዶሮ አለዎት፣ ጣራዎ ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር፣ ውኃ መቅጃው ስንት ደቂቃ ይርቃል? በ2006 ሌሎች መጡ፤ በ2008ም እንደገና ሌሎች። የጠየቁት ያንኑ ነው፤ የቋጠሩትም ያንኑ አፈር። የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም እዚህ አንጽፍም፤ ከአንድ በላይ ናቸው፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። ወይዘሮ አልጣሽ ሦስቱንም ጊዜ ምሳ አብልተው ሸኟቸው። እነርሱም ሦስቱንም ጊዜ "ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። የተመለሰ የለም።

በ2008 ዓ.ም. መከር ሦስቱ ጥማድ የተዘራበትን ዘር እንኳ አልመለሰም። ደምሌ እናቱን ለመርዳት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በወባ ታሞ እዚያው አረፈ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አስከሬኑን ማምጣት ስላልተቻለ የተቀበረው እዚያው ነው። ወይዘሮ አልጣሽ ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አንድ ዓመት ከቤት አልወጡም። ሲወጡ ግን የወጡት ለመጠየቅ ነበር።

ጥቅምት 21 ቀን 2011 ዓ.ም. መምህር እሱባለው የተባለ ወጣት የአፈር ተመራማሪ ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር ላስቲኩንና መቆፈሪያውን ይዞ አስታ ሜዳ ደረሰ። እዚህ ላይ "አንቱ" ያላልነው በንቀት አይደለም፤ እናታችን ልጄ ያሉትን ሰው እኛ ምን ብለን አንቱ እንላለን። በዚያ ቀን የማርያም ጽዋ ማኅበር በወይዘሮ አልጣሽ ቤት ነበርና እንግዶቹን አስገብተው ከማኅበርተኛው ጋር አስቀመጧቸው፤ በሉ፣ ጠጡ። በማኅበሩ ሥርዓት ድግሱ ሲያልቅ ጽዋውን ተቀብሎ የሳመ ሰው የሚቀጥለው ወር ተረኛ ነው፤ ደግሶ ማኅበሩን ያበላል። ተቀብሎ መቅረት ትልቅ ነውር ነው። ከተማ ተወልዶ ያደገው መምህር እሱባለው ይህን አያውቅም። ወይዘሮ አልጣሽ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አንሥተው፣ ተረኛውን ጎረቤት አልፈው፣ እርሱ ፊት ቆሙ። እርሱም ለእንግዳ ክብር የሚደረግ መስሎት ብድግ አለና በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። የማኅበሩ ካህን ቄስ ቀለመ ወርቅ "እመቤታችን ለወሩ በሰላም ታድርስህ" ብለው መረቁት፤ ቤቱም "አሜን" አለ። ከዚያ በኋላ ሣቅ ሆነ።

ልጁ ደንግጦ "እናቴ፣ ምን አጠፋሁ?" አላቸው።

"ምንም አላጠፋህ፤ ተረኛ ሆንህ። ኅዳር 21 ማኅበሩ ያንተ ነው።"

"እዚህ ቤት የለኝ፣ ምን ልደግስ?"

"ጠላውን እኛ እንጠምቃለን፣ ዳቦውንም እንጋግራለን። ያንተ ድግስ ሌላ ነው። ባልደረቦችህ ሦስት ጊዜ ከዚህ ማሳ የወሰዱት አፈር ምን እንዳለ መጥተህ ትነግረናለህ። እስከዚያ እፍኝ አፈር ከዚህ አትወስድም።"

መምህር እሱባለው ባዶ ላስቲኩን ይዞ ተመለሰ። በጉዳዩ ያልተደሰቱ አባቶች ነበሩ፤ ጽዋን እንግዳ ማጥመጃ ማድረግ ድፍረት ነው ብለው ወይዘሮ አልጣሽን ወቀሷቸው። እርሳቸውም "ድፍረት ከሆነ እመቤቴ ትፍረድብኝ። እኔ ልጄን ያጣሁት ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው" አሉ። ወቀሳውም በዚያው ቆመ።

ኅዳር 21 ቀን ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተሰበሰበ። እንግዳው አይመጣም ብለው ያሾፉ ጥቂቶች አልነበሩም። ልጁ ግን ከወረዳው ከተማ ከመካነ ኢየሱስ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዞ ደረሰ። ወሩን ሙሉ የቀደሙትን ጥናቶች ከየመሳቢያው ሲፈልግ ከርሞ ነበር። በግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ ነገራቸው፦ አፈሩ አላረጀም፣ ኮምጥጧል። ማዳበሪያ ቢጨመርም ኮምጣጣው አፈር ይዞ ስለሚያስቀረው ለሥሩ አይደርስም። የሚታከመው በተፈጨ ኖራ ነው፤ ኖራው ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት።

ወይዘሮ አልጣሽ ጥያቄያቸው አንድ ነበር። "ይህን መቼ ዐወቃችሁ?"

"በ2003 ከተወሰደው አፈር፣ በ2004 ታውቋል" አለ ልጁ።

"ደምሌ በሕይወት ነበር" አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። መምህር እሱባለው "እኔ ያኔ አልነበርሁም ማለት እችላለሁ፤ ግን አልልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቆሙት። "ይቅርታው ይቆየን። ኖራው መቼ ይመጣል?" አሉት።

ኖራው በዚያው ዓመት ግንቦት በአህያ ተጭኖ ገባ። ለማነጻጸር እንዲመች አንዱ ጥማድ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ኖራ ተበተነበት፣ ግማሹ እንዳለ ይተው ተባለ። እዚህ ላይ እናታችን ጥፋት አጥፍተዋል፤ ራሳቸው የተናዘዙት ስለሆነ አንደብቀውም። ኖራ የነካው ቡቃያ ሲለመልም ሌላው ግማሽ ቢጫ ሆኖ ሲያዩት አንጀታቸው አልችል አለ። ከየጓዳው ያጠራቀሙትን አመድና ፍግ ለሦስት ማለዳ እየተሸከሙ ያልታከመው ላይ በተኑት። "አንዱን ልጅ አጉርሼ ሌላውን አስርቤ አላይም" ነው ያሉት። መምህር እሱባለው መጥቶ ሁለቱም ወገን አረንጓዴ ሆኖ ሲያገኘው ራሱን ይዞ ድንበር ላይ ተቀመጠ፤ የዓመት ድካሙ ተበላሽቶበት ነበር። ነገሩን ሲሰማ ግን ተቆጥቶ አልሄደም። በ2012 ዓ.ም. ማሳውን ለሦስት ከፍሎ አንዱን በኖራ፣ አንዱን በአመድና በፍግ፣ አንዱን እንዲሁ አደረገው። ያለ ምንም የሚቀረውን ቁራሽ እናታችን እንዳይነኩት ቄስ ቀለመ ወርቅ ገዝተዋቸው ነበር፤ በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በመከር ሲመዘን ኖራው አንደኛ ወጣ፤ አመዱና ፍጉም ከባዶው እጥፍ ሰጠ። መኪና በማይገባበት አገር ኖራ እስኪደርስ አመድ መሬቱን ይዞ እንደሚያቆይ የታወቀው በዚህ ነው። ዛሬ በአስታ ሜዳ አመድ የሚደፋ ቤት የለም።

በ2014 ዓ.ም. በአንድ አዳራሽ "አርአያ አርሶ አደር" ተብለው ሊሸለሙ ተጠሩ። የምስክር ወረቀቱን ከመቀበላቸው በፊት መድረክ ላይ ቆመው ሙሉውን አነበቡት፤ አዳራሹ ጠበቀ። ጨርሰው ወረቀቱን መለሱና "ይህ ማሳ ላይ አይበተንም። ከእኔ በላይ ባለው ተዳፋት የሚያርሱ አሥራ ሰባት ቤተሰቦች አሉ፤ ኖራ ስጧቸው፣ እኔም ያኔ እሸለማለሁ" አሉ። ፎቶ የሚያነሣው ሰው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ቀረ። ያሳፈሯቸው ሰዎች እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም፤ እኛም አንረሳላቸውም፣ በኩራት ነው እንጂ።

ኖራው ለአሥራ ሰባቱ ቤት እስኪደርስ ሦስት ዓመት ፈጀ። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት መምህር እሱባለው በስልክ እየደወለ፣ እርሳቸው ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እየወጡ፣ የሰሙትን ወርደው ለማኅበርተኛው እየተናገሩ ሥራው አልተቋረጠም። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ኖራው ተበትኖ ገብሱ ተዘራ። የሆድ ሕመም የጀመራቸው በዚያው ክረምት ነው። በደብረ ታቦር ከፍተኛ ሕክምና ቢደረግላቸውም ሕመሙ ሥር ሰዶ ስለነበር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ታኅሣሥ ላይ የአሥራ ሰባቱ ቤት ገብስ ተወቅቶ ሲመዘን ከአልጋቸው ሆነው "ስንት ሆነ?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። መዛኞቹ ቁጥሩ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ተጠናቅሮ ይመጣል አሏቸው። ሳይመጣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጥር 13 ቀን በአስታ ሜዳ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል።

ወይዘሮ አልጣሽ በሕይወት ያሉ የሦስት ልጆች እናት፣ የዘጠኝ ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ፍሥሐ ዛሬም ሦስቱን ጥማድ ያርሳል፤ ከልጅ ልጆቻቸው አንድም ለአጨዳ ወደ መተማ የወረደ የለም።

የመምህር እሱባለው ዩኒቨርሲቲ ለላከው የሐዘን ደብዳቤና የአበባ ጉንጉን ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ አበባውን መቃብራቸው ላይ አኑረናል። ነገር ግን የአሥራ ሰባቱ ቤት ውጤት ዛሬም አልተነገረንም። የእናታችን አርባ የካቲት 21 ቀን የማርያም ዕለት ይውላል። በዚያ ቀን ከጸሎቱ በኋላ እዚሁ ግቢ መጥታችሁ፣ በአማርኛ፣ ከኋላ የቆመው እንዲሰማ ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። ጥሩ ከሆነ ደስ ይለናል፤ መጥፎም ከሆነ ንገሩን፣ መሬቱ የእኛ ነው። ካልመጣችሁ አሥራ ሰባቱም ቤት ተነሥቶ ወደ እናንተ ይመጣል፤ በራችሁ ላይም ተቀምጠን እንጠብቃለን።

እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ከደምሌ ጋር ያገናኝልን፤ በአብርሃምና በሣራ አጠገብም ያሳርፍልን። ለእኛም እንደ እርሳቸው መልስ ሳያገኙ የማይነሡበትን ጽናት ይስጠን። አሜን።