በቀን የተዘጋ በር

የናፈቅሽኝ ሔለን፣

ደህና ነኝ፤ ስጋትሽን ጣይው። «ለሥራ ብለሽ ሰው በማታውቂበት አገር ብትታመሚ ማን ያይሻል?» ስትዪኝ አልነበር? ሸዋ ሮቢቶች አይተውኛል፤ ያውም ሳልታመም!

ትናንት ከሰዓት ሙቀቱ ቢያዝለኝ የተከራየኋትን ክፍል ዘግቼ ተኛሁ። የግቢው ሰው በዚያን ሰዓት ማንጎው ጥላ ሥር ሰሌን ዘርግቶ ሲጫወት ነው የሚውለው። በሩ ሲንኳኳ ደንግጬ ብከፍት አከራዬ እትዬ ከዲጃ ግንባሬን ዳሰሱኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላቸው ቆሟል። ባላቸው ጋሼ ሷሊሕማ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰኝ ባጃጅ አስመጥተዋል!

«ኧረ ተኝቼ ነው» አልኩ፣ በሀፍረት።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ለእንቅልፍ ብሎ በር ይዘጋል እንዴ?» አሉ እትዬ ከዲጃ።

ለካ እዚህ በቀን በሯን የዘጋች ሴት ወይ አሟታል ወይ ከፍቷታል። ሰሌኑ ላይ መሃላቸው አስቀምጠው ፓፓያ አስበሉኝ። ባለባጃጁም ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አብሮን ሲስቅ አመሸ። ልቤ እንዴት እንዳረፈ! ዛሬ በሬን ገርበብ አድርጌ ነው የተኛሁት።

እኛ ኮንዶሚኒየም ግን የጎረቤት በር ሲዘጋ «ተመስገን፣ ጸጥ አለ» ነው የምንለው።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ማህደርንና ጌታሰውን ሳሚልኝ። ፊት ለፊታችን ብቻቸውን ለሚኖሩት እናትም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ግን መጀመሪያ አንኳኪና ስማቸውን ጠይቂያቸው።

ሰናይት