ሳይመታም የሚሠራ ጥይት

ሐሙስ፣ ኅዳር 5፣ 1978

ዛሬም ሞትኩ። ጠረጴዛ ላይ።

የእህቴ የአልማዝ ባል ዳዊት የታሪክ መምህር ነው። ይህን የጦርነት ጨዋታ ያስተማረው አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ካርታ ይዘረጋል፤ እያንዳንዳችን አንድ ወታደር እንሆንና ስለ እሱ እንናገራለን። ለመተኮስ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለው የሉዶ ዳይስ ይጣላል። አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ መታ።

አብዲ፣ ከገለምሶ ጫት የሚያመጣው ጎረቤታችን፣ እየሮጠ ከማዶ ኮረብታ በአንድ ጥይት ጣለኝ። ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሃል፣ ጋሼ ታደሰ?»

«እየሮጥክ?» አልኩት።

ዳዊት ወዲያው እርሳስ አነሳ። «እንግዲህ ከግንባር የመጣኸው አንተ ነህ። ሕጉን አስተካክልልን።»

ደክሞኛል። በዚህ ብርድ የተመታው እግሬ ይጠዘጥዘኛል። አስብበታለሁ ብዬ ገባሁ።

ዓርብ

ሰው ለምን ይስታል? ትንፋሽ። ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ። ረሃብ። አጠገብህ ያለው ሲጮህ። ከሁሉ በላይ ግን የምትተኩስበትን አታየውም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የተኮስኩት ቁጥቋጦ ላይ ነው።

ለዳዊት እንዲህ አልኩት፦ ተኝቶ፣ አነጣጥሮ፣ እያየ የተኮሰ ስድስት ካገኘ ይምታ። የሚሮጥ ግን ሁለት ጊዜ ጥሎ ሁለቱም ስድስት ካልሆነ አይመታም።

«ፍርሃቱንስ ስንት እናድርገው?» አለኝ።

ተነስቼ ወጣሁ። አልማዝ ስትቆጣው በመስኮት ሰማሁ። «ገና መተኛት ሲጀምር ለምን ታስታውሱታላችሁ?»

ቅዳሜ

በአዲሱ ሕግ ተጫወትን። ከሰዓቱን ሙሉ አንድም ሰው አልተመታም።

«ይሄ ጦርነት ነው ወይስ የስኳር ሰልፍ?» አለ አብዲ።

«ሁለቱም መጠበቅ ነው» አልኩት።

ዳዊት ሕጉን ሊያላላ ፈለገ። እምቢ አልኩ፤ ተጨቃጨቅን። በኋላ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ጥይት በላይህ ካለፈ፣ ባይመታህም፣ አንገትህን ትደፋለህ፤ ተራህ ያልፋል። ያኔ ጨዋታው ነፍስ ዘራ። አብዲ ወታደሩን ከድንጋይ ጀርባ አስተኝቶ አላወጣም አለ።

«ውጣ እንጂ፣ ፈሪ!» አለው ዳዊት።

«አልወጣም። አንተ ውጣ!»

ደስ አለኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የገባው መሰለኝ።

እሑድ

አብዲን ቀበሌ ጠራው። ብሔራዊ ውትድርና። ነገ ጠዋት ይጫናሉ።

እናቱ አዮ ፋጡማ ደጃችን መጥተው አለቀሱ። «አንተ ታውቀዋለህ፣ ልጄ። ይመለሳል በለኝ» አሉኝ። «ኢንሻ አላህ፣ አዮ» አልኳቸው።

አመሻሽ ላይ እሱ ራሱ መጣ። ቆሞ ነው ያወራኝ።

«ያ ሕግህ እውነት ነው? አብዛኛው ይስታል?»

«እውነት ነው። የጥይቱን ፉጨት ከሰማህ አልፎሃል። አንገትህን ድፋ። ለመነሳት አትቸኩል።»

«ወላሂ፣ ጠረጴዛው ላይ አልወጣም አልኩ። እዚያስ ማን እምቢ ያስብለኛል?»

ሹራቤን ሰጠሁት።

ሰኞ

መኪናው ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ ቦርደዴ ወረደ። አብዲ ከኋላ ተጨናንቆ ቆሟል፤ ሹራቤን ለብሷል። እጁን አነሳ፤ እኛን አይቶ ይሁን እናቱን አላወቅሁም።

ከሰዓት ዳዊት ካርታውን ሊያጥፍ ሲል አልማዝ በአብዲ ወንበር ተቀመጠች። ሕጉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይሄ ሁሉ ስለ መምታት ነው» አለች። «የተመታውን ማን ያነሳዋል?»

እኔና ዳዊት ተያየን። ያንን አልጻፍነውም ነበር።

«ሁለት ሰው» አልኩ። «ሲሸከሙ አይተኩሱም፤ አንገታቸውንም አይደፉም።»

ዳዊት ጻፈ። አልማዝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። «አንተንስ ማን አነሳህ?»

እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ተስፋዬ የሚባል የጎጃም ልጅ እና ስሙን ያልጠየቅሁት ሌላ አንድ፣ አልኳት። ሐኪሙ ዘንድ ይዞኝ የደረሰው ተስፋዬ ብቻ ነው፤ ያኛው መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አወራሁ። ዳዊት እርሳሱን አስቀመጠ። አላቋረጡኝም።

አሁን ሰውነቴ ዝሏል፤ ግን እንደ ሌላው ቀን አይደለም። አብዲ የት እንደደረሰ አላውቅም። ስሙን የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ይኑር።