ነጠላዬን የሰቀልኩበት ችንካር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ እንግዳወርቅ፣ ማጀቴ።

የልጄ የሚናስ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ነው። ወግ አይቀርምና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመድና ጎረቤቶች ተሰብስበው ቤቴ መጡ። መኪናቸውን ያቆሙት በተከለከለ ቦታ ኖሮ፣ እኔ ደረቴን ስደቃ እነሱ በመስኮት መኪናቸው ሲጎተት ያያሉ። ጎረቤቴ አጸደ በአንድ ዓይኗ ለእኔ፣ በአንዱ ለመኪናዋ አለቀሰች። ይህን ስጽፍ ሳቄ ይመጣል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጋሼ፣ እርስዎስ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ባለቤትዎ እትዬ ንግስትስ ደኅና ናቸው? ያ በእጅዎ የሠሩት ቤት ዛሬም ወደ ምሥራቅ እንዳዘነበለ ነው ወይስ ሐሳቡን ቀየረ? እኔ ከኀዘኔ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከቀብሩ ወዲህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ሚናስ ቤት፣ ከምራቴ ከሉሊት ጋር ነኝ። ቤቱን ልንገርዎ። ከመቶ ዓመት በፊት በማሽን የተሠራ ነገር ያስጠላቸው ሰዎች በእጃቸው ያቆሙት ነው አሉ። ጣሪያው እንደ ባርኔጣ ዓይኑ ላይ ወርዷል። ምሰሶውና ማገሩ በውስጥም በውጭም ይታያል፤ ነጭ ኖራ ያለው በመካከሉ ብቻ ነው። መጥረቢያ ያረፈበት እንኳ አልተላገም። ምድጃው ግራና ቀኝ መቀመጫ አለው፤ ሰው ቁጭ ብሎ የሚጠበስበት ይመስላል። ሚናስ "እማዬ፣ እንጨቱ የተሸከመውን ያሳይ፤ መሸፈን ውሸት ነው" ይለኝ ነበር። ለእኔ ግን ምርጊት የሌለው ቤት ጎድኑ የወጣ በሬ ነው።

ለቀስተኛውም እንደ እኔው ነው። አጸደ ገና ከበር "ወይኔ ሚናስ! ቤትህን እንኳ ሳታስመርግ!" ብላ ሙሾውን አወረደችው። ሌላውም ተቀበላት። ሉሊት ፊቷን ሸፍና ስትንቀጠቀጥ ሁሉም ሊያጽናናት ከበባት፤ ለካ የምትስቀው ኖሯል። በሳምንቱ የእድሩ ሰዎች ኖራና ባልዲ ይዘው "እንመርግላችሁ" ብለው መጡ። በስንት ልመና መለስናቸው።

የእኔ ደግሞ ባሰ። ሳሎን ካለው አዲስ ምሰሶ ላይ የእንጨት ጫፍ ወጣ ብሎ አየሁ። ኩላብ ነው ብዬ ጥቁር ነጠላዬን ሰቀልኩበት፤ ከዚያ ጃንጥላዬን፣ ከዚያ የሽንኩርት ከረጢት። ሉሊት አየት ታደርግና ወደ ጓዳ ትገባለች።

አርባው ሲቃረብ የሚናስ የአናጢነት ሥራ ጓደኛ አምሃ መዶሻ ይዞ መጣ። ሽንኩርቱን አውርዶ እንደ ሕፃን አቀፈና "እማማ፣ ይቺ ኩላብ አይደለችም፤ የምሰሶው ችንካር ናት" አለኝ። ለካ ቤቱን ያሰረው ሚስማር ሳይሆን እንዲህ ያለ የእንጨት ችንካር ነው። ሚናስ የበሰበሰውን ምሰሶ ሲለውጥ ሌላውን ሁሉ መትቶ፣ የመጨረሻዋን "ለፋሲካ እማዬ መርቃ ትምታት" ብሎ ትቷት ነበር። ከእርስዎ የወረሰው ነው፤ የአባታችንን ጎጆ ሲያድሱ የመጨረሻውን ለእናታችን ይሰጡ አልነበር?

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?" አልኳት ሉሊትን።

"ሽንኩርት ከሰቀሉ በኋላ እንዴት ልንገርዎ?" አለችኝ።

አምሃ መዶሻውን ቢሰጠኝ እምቢ አልኩ። ችንካሯ ከገባች የልጄ ሥራ አለቀ ማለት ነዋ! አፌ ግን "ነጠላዬን የት ልስቀል?" እያለ ተከራከረ። አምሃም "ምሰሶው ላልቷል፣ እማማ። ካልተመታች ቤቱ እንደ ጋሼ እንግዳወርቅ ቤት ያዘነብላል" አለኝ። ዝናዎ እዚህም ደርሷል፤ ያወራው ሚናስ ነው።

ትናንት መዶሻውን ተቀበልኩ። መረቅኩና መታሁ፤ አለቀስኩና መታሁ። ምሰሶው ሲጠብቅ ድምፁ ተለወጠ። አምሃ "አንድ ይድገሙ" ቢለኝ "ይበቃታል" አልኩ። ነካክቶ አየና "ይዛለች" አለ። ነጠላ የምትይዝበት ያህል ጫፏን ትቼላታለሁ። ሽንኩርቱን ግን ሉሊት ከለከለችኝ።

እትዬ ንግስትን ጉልበትዎን ስማለች ይበሉልኝ። ልጅዎን ሙላቱን፣ ትንሿን ኪዳንንም ይሳሙልኝ። ሙላቱ በዚያ ባዘነበለ ቤት ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ አደራ።

ይህን የምታነቡም የምትሰሙም ሁሉ፣ ለልጄ ጸልዩለት። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ለሰው ቤት ሲያቆም ኖሯልና፣ እሱንም ማረፊያ አያሳጣው በሉልኝ።

እህትዎ ፀሐዩ
አሌክሳንድሪያ፣ ግንቦት ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.